በአፈር የሸፈንኩት አሥራ ዘጠነኛው ፍም

ሬይ፣ ዴቨን፣ ጋሽ ታምራት እና እኔ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር የነበርነው እኛ አራታችን ብቻ ነን። ሬይ አለቃችን ነበር፤ የዚያው የሰሜን ኦንታሪዮ ተወላጅ፣ ጫካውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ቃል የማያባክን ሰው። ዴቨን ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ የቶሮንቶው ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ልጅ ነው፤ ዝም ማለት አይሆንለትም። ጋሽ ታምራት የዚያው ከተማ፣ የስካርቦሮ ሰው ናቸው፤ ብርዱ ሲገባ ታክሲ ይነዳሉ፣ በጋ ሲመጣ ሰደድ እሳት ያጠፋሉ። እኔ ይስሐቅ፣ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ከሰሜን የመጣ ጭስ ቶሮንቶ ላይ ወርዶ ነበር። ዳንፎርዝ ላይ ከባቡር ወጥቼ ቀና ስል ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀልታ ዓይን ሳትወጋ ትታያለች። ሰዉ አፉን በመሀረብ ይዞ ይቻኮላል። እኔ ግን ቆሜ አሸተትኩ። የጥድ ሥር ሲጨስ ሽታው ከግንዱ ይለያል፤ ሥሩ የረጠበ አፈር ሽታ አለበት። በዚያው ምሽት የጋሽ ታምራት ልጅ ሶስና አንድ የቆየ ፎቶ ላከችልኝ። እሷ የምረቃ ካባዋን ለብሳ፣ አባቷ ጥላሸት የነካው ቢጫ የሥራ ሸሚዝ ለብሰው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመዋል። «ይስሐቅ፣ ልጄ አያቱ ለምን እንደዚህ እንደለበሱ ጠየቀኝ» ብላ ጽፋለች። «አባዬ ሁልጊዜ ሄሊኮፕተሩ ተበላሽቶ ነው የሚለኝ። እውነት ነው?»

ሄሊኮፕተሩ አልተበላሸም ነበር።

ወደዚያ ሥራ የገባሁት በመጽሐፍ በኩል ነው። ወንድሜ ስፖንሰር አድርጎኝ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ደን እሳት የሚያስተምር መመሪያ አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ተዋስኩት። እሳት ዳገት ሲወጣ ለምን እንደሚፈጥን፣ ነፋስ ሲዞር ወዴት መሸሽ እንደሚገባ፣ ሁሉንም በአማርኛ እየተረጎምኩ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ጋሽ ታምራትን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነበር። የዚህ ሥራ ሰው መሆናቸውን የሰማሁ ዕለት ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «እሳቱ ይህን ሁሉ አንብቦልህ ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉኝ። በግንቦት ግን ይዘውኝ ሄዱ።

ሰው እሳት ማጥፋት ሲባል ነበልባል ይታየዋል። የእኛ ሥራ በአብዛኛው ነበልባሉ ካለፈ በኋላ ነበር። ቱቦ ጎትተን፣ አካፋና መጥረቢያ ይዘን፣ የተቃጠለውን ጫካ ጠርዝ ስንዝር በስንዝር መዳሰስ ነው። ጓንትህን ታወልቅና የእጅህን ጀርባ ወደ አመዱ ታስጠጋለህ፤ መዳፍ ሥራ አደንድኖታል፣ ጀርባው ግን አይዋሽም። ሙቀት ካለ ትቆፍራለህ፣ ውኃ ታጠጣለህ፣ ታቦካለህ፣ እንደገና ትዳስሳለህ። ቀይ ጥብጣብ ታስርበትና ሲበርድ ትፈታዋለህ። የድርሻህን ስትጨርስ ለሬይ «ሞቷል» ትለዋለህ። ከዚያ በኋላ ያንን ቦታ ማንም ተመልሶ አያይም። የሬይ ሕግ ይህ ነበር፤ ሰውየውን ካመንከው ሥራውን አትፈትሽም።

ምግባችን የቆርቆሮ ባቄላና ዳቦ ነበር። ጋሽ ታምራት ግን በሶ ይዘው ይመጡ ነበር። በውኃ በጥብጠው፣ ማር ጨምረው ለሁላችንም ያድላሉ። ዴቨን መጀመሪያ ቀን ኩባያውን ገልብጦ «ይሄ ሲሚንቶ ነው» አለ። በሁለተኛው ሳምንት «ሽማግሌው፣ ሲሚንቶ የለም ዛሬ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። በነፋሱ አቅጣጫ ካለች ጎጆ አንድ አዛውንት አጥማጅ በጀልባ እየመጡ ዓሣ ይሰጡን ነበር። ጋሽ ታምራት ሚጥሚጣ ነስንሰው ይጠብሱታል። ሰውየው አንዴ ቀምሰው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በማግሥቱ ግን ተመልሰው መጡ።

የመጨረሻው ቀን ማምሻ ላይ ቱቦዎቹ ተጠቅልለው ነበር። ሄሊኮፕተር በማግሥቱ እኩለ ቀን ሊወስደን ነው። እኔ በድርሻዬ ያገኘሁትን ፍም ሁሉ ደብተሬ ላይ በተራ ቁጥር እመዘግባለሁ፤ አሥራ ስምንቱን ጨርሻለሁ። ከአንድ ጉቶ ሥር እንደ ክር የቀጠነች ጭስ አየሁ። ውኃው ሩቅ ነው። ትንኙ ጆሮዬን እየበላኝ ነው። አምስት አካፋ አፈር አልብሼ ጠቀጠቅኩት። ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ሬይ ሄጄ «ሞቷል» አልኩት።

ጠዋት ደብተሬን ስገልጥ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ጎን ለጎን «ውኃ» ተጽፏል። አሥራ ዘጠኝ ላይ «አፈር» ይላል። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ልክደው አልችልም። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እንደሚጠነክር ሬዲዮው ተናግሯል፤ በነፋሱ መንገድ ደግሞ የአዛውንቱ ጎጆ አለች።

ጋሽ ታምራት ሐይቁ ዳር ትንሽ መስታወት ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው ይላጫሉ። በምንወጣበት ቀን ማግሥት፣ ከምሳ በኋላ ሶስና ከሁለተኛ ደረጃ ትመረቃለች። ሄሊኮፕተሩ ከሚያወርደን ጣቢያ እስከ ቶሮንቶ በመኪና ሃያ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ በእኩለ ቀኑ ከወጣን ይደርሳሉ። «አባዬ፣ ፊት ወንበር እይዝልሃለሁ» ብላቸዋለች፤ ይህን ሳምንቱን ሙሉ ስንሰማው ነው የከረምነው። አንድ ኩባያ ሻይ ጠጥቼ ጨረስኩ። ከዚያ ሄድኩ።

«ጋሽ ታምራት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቅ፤ ፊቴን ግን እንዳታስቆርጠኝ።»

«ፍም በአፈር ቢሸፈን ይሞታል?»

ምላጩ ቆመ። «ማነው የሸፈነው?»

«እኔ። አምስት አካፋ። ጠቅጥቄዋለሁ።»

«ጠቅጥቀኸዋል ደግሞ» አሉ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ። «ልጅ ሆኜ አዋሽ ዳር ከሰል ሳከስል የምንጠቀጥቀው እንዳይሞት ነበር። አዳፍነኸዋል እንጂ አላጠፋኸውም። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይህን አላገኘህም?»

«አላገኘሁም።»

«ለሬይ ንገረው።»

«ምርቃቱስ?»

«ስለ ምርቃት ጠየቅኩህ? ንገረው አልኩህ።»

እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት «ተወው» እንዲሉኝ ነበር።

ለሬይ ነገርኩት፤ ደብተሬን ተቀብሎ ማንበብ የማይችለውን ፊደል ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሬዲዮውን አንሥቶ ሄሊኮፕተሩ ማምሻውን እንዲመለስ፣ በእኩለ ቀኑ ግን አንድ ሰው እንዲወስድ ጠየቀ። «ቶም፣ አንተ ሂድ» አላቸው። ታምራት ማለት ከብዶት ቶም ይላቸው ነበር።

«ሥሩ በየት እንደሄደ እናንተ አታገኙትም» አሉ ጋሽ ታምራት። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጥለው አካፋቸውን አነሡ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አልተላጨም።

«በዚህ ጢም ልጅህ ብታይህ ፖሊስ ትጠራለች» አለ ዴቨን።

ጉቶው ጋ ስንደርስ አፈሩ እንደተውኩት ነው፤ ከላይ ጤዛ አለበት። ሬይ ሊቆፍር ሲል ጋሽ ታምራት ከለከሉት። ተንበረከኩ፣ ጓንታቸውን አወለቁ፣ ከጉቶው እየራቁ የእጃቸውን ጀርባ መሬት ለመሬት አስኬዱ። እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ የደን ወለል ነው፤ ምንም አይታይበትም። ሦስት እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ። «እዚህ ነው።» አንድ ጊዜ በመጥረቢያ ሲከፍቱት ሥሩ ውስጥ ለውስጥ እንደ አምፖል ክር ቀልቷል። ካጸዳነው ጠርዝ ወጥቶ ወደ ደረቁ ሣር እየሄደ ነበር። የእኔ አምስት አካፋ አፈር ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድገው አድሯል።

በጀርባችን የውኃ ከረጢት አዝለን ከሐይቁ ተመላለስን። እኩለ ቀን ላይ ሄሊኮፕተሩ መጣ፤ ጋሽ ታምራት ቀና ብለው አዩት፣ እጃቸውን አወዛወዙለት፣ ተመልሰው መቆፈራቸውን ቀጠሉ። አብራሪው ባዶውን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደተባለው ተነሣ። አመዱ ፊታችን ላይ ተበተነ፣ ጥዶቹ አጎነበሱ። አራታችንም በሶ የያዘ ኩባያ በእጃችን እንዳለ ቆመን ያንን መሬት አየን። ምንም አልተነሣም። ሬይ እያንዳንዷን ቦታ በእጄ ጀርባ እንድዳስስ አደረገኝ። ስጨርስ «አሁን በለው» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩ። እሱም ጠርዙን ሳያይ ዞሮ ዕቃ መሸከም ጀመረ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማምሻውን ሄሊኮፕተሩ ጣቢያው ካደረሰን በኋላ፣ ቶሮንቶ እስክንደርስ እኔና ዴቨን ተራ በተራ ነዳን፤ ጋሽ ታምራት ከኋላ ተኝተው ነበር። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ሰዉ አበባ ይዞ እየወጣ ነው። ሶስና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ለብቻዋ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። አባቷ ሲወርዱ አፏን ልትከፍት ብላ ፊታቸውን አየች። «አባዬ፣ ጢምህ ግማሽ ነው» አለች። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

«ሄሊኮፕተሩ ተበላሽቶ ነው» አሏት ወደ እኔ ሳይዞሩ።

በዝርዝር ጉዳይ ድርቅ የምል ሰው ነኝ፤ የሰው ታሪክ ውስጥ ገብቼ ቀን አርማለሁ። ይህን ግን እስከ ዛሬ አላረምኩትም። ትናንት ስካርቦሮ ሄጄ ለጋሽ ታምራት ልጽፈው መሆኑን ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። «ጻፈው» አሉ በመጨረሻ፣ «ግን አምስት አካፋ አልነበረም፣ ስድስት ነው ያልከኝ።» አምስት ነው። ደብተሩ አለኝ።

ሶስና፣ መልሱ ይህ ነው። ያዘገየሁብሽ እኔ ነኝ። ፎቶውን አጉልተሽ የግራ ጉንጫቸውን ተመልከቺ፤ ጢሙ አሁንም አለ። ስመለከተው ማፈር ሲገባኝ ደስ ይለኛል፤ በዚያ በጋ የአንድ ሽማግሌ ጎጆ አልተቃጠለችም፣ እኔም ቃሌ የሚታመን ሰው ሆኜ ተመለስኩ።

የጎደለኝን የነበራችሁ ሙሉልኝ። ዴቨን አማርኛ ስለማያነብ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ከሐይቁ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን እሱ ይቆጥር ነበር። ሬይ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ፣ አብራሪው ባዶውን ሲሄድ በሬዲዮ ምን እንዳለው ይጠይቅልኝ። አንቺም ሶስና፣ አዳራሹ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያ የፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር ወይስ ሰው ተቀመጠበት? ደብተሬ ውስጥ ለእሱ አንድ መስመር ትቻለሁ።