ማንም ሳይጠራቸው «አለሁ» ያሉ ወገኖች

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገውን ይዤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። አሳምሬ መናገር አላውቅም፤ እንደሆነው ነው የምነግራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፍኖተ ሰላም ስቀመጥ ጸሎት ቤት መሄድ ትቼ ነበር። ሰልችቶኝ ነው፣ ምን እደብቃለሁ! አንድ ቀን ፓስተራችን መጡ። ቀድሞ እሑድ እሑድ ከቡሬ ማዶ፣ እኔ ወዳደግኩበት መንደር እየሄዱ ያገለግሉ ነበር። ፊታቸው ከስቶ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«መንገዱም ስልኩም ከተዘጋ አምስት ወር ሆነ» አሉኝ። «በእምነታቸው ይቁሙ፣ ይውደቁ አላውቅም። እህል አልወርድ አለኝ። እኔን ኬላው ላይ አያሳልፉኝም፤ አንቺ ግን እናቴን ልጠይቅ ነው ብትያቸው ያሳልፉሻል።»

«ለእናቴ ስል እሄዳለሁ፤ ለጸሎት እንዳይመስልዎ።»

«ሂጂ ብቻ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ከቡሬ በእግሬ ወጣሁ። ጉም ነበር። መንደሩ ስደርስ ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። እናቴ ቤት ሰው የለም። የጸሎት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ዝማሬ ግን የለም። ስገባ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ! ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ባዶ ወንበር ፊት ተቀምጠዋል። አንዱ «አለሁ» ይላል። ዝምታ። ሌላዋ «አለሁ» ትላለች። ዝምታ። የሚጠራ ሰው የለም!

አብደዋል ብዬ ልሮጥ ስል፣ በሩ ሥር የተቀመጡት አያ ታደለ እጄን ያዙኝ።

«ፓስተር ከጸሎት በፊት ስማችንን በተራ ይጠሩን የለም? አሁንም ሦስት ሰዓት ሲሆን ካሉበት ሆነው ይጠሩናል» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ ትልቅ ሰው ሲጠራሽ ዝም ትያለሽ እንዴ?»

ተራው እናቴ ጋ ደረሰ። «አለሁ» አለች። ከዚያ የመጣው ዝምታ ግን ከሌላው ረዘመ፤ አላልቅ አለ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ከእናቴ ቀጥሎ የሚጠራው የእኔ ስም ነው! ተሰርዟል ብዬ ነበር፤ እነሱ ለካ ቦታውን ትተውልኝ ኖሯል። ስሜን በጆሮዬ ሰማሁ አልላችሁም፤ አልዋሽም። ነገር ግን ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር ብል ጉም ብቻ።

«አለሁ!» አልኩ። ስሙ ይባረክ! እናቴ እልል አላለችም፤ ዕንባዋ ብቻ ወረደ። ቀጣዩ ሰው ተራውን መለሰ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ፣ «ቆመዋል ፓስተር፤ አንድም የወደቀ የለም» አልኳቸው። ያየሁትንም ነገርኳቸው።

«እውነት ነው፣ በዚያ ሰዓት እጠራቸዋለሁ» አሉ። «የዚያን ዕለት ግን ያንቺን ስም ሁለቴ ጠራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።» ከዚያ ባለቤታቸውን፣ «እስቲ የሚበላ ነገር ስጪኝ» አሏቸው።

ወገኖቼ፣ መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። እኔ ግን ከቤቱ አልወጣም፤ ክብር ለእርሱ ይሁን! እናንተም ሰልችቷችሁ በሩ ላይ የቆማችሁ፣ እኔን እዩኝና ታመኑት። ቦታችሁን ለማንም አልሰጠባችሁም።