ከአባቴ ጆሮ ሥር

አባቴ ገራዶ ላይ ሽንኩርትና ካሮት አልምተው ደሴ የሚሸጡ ገበሬ ናቸው። ከቀኝ ጆሯቸው ሥር ሽንብራ የምታህል እብጠት ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ኮምቦልቻ ከምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ እሷ ላይ ያርፋል።

«አባዬ፣ ይታዩ እንጂ» እላቸዋለሁ።

«ካላመመችኝ ምኗን ልታከማት? እሷም ዝም ብላለች፣ እኔም ዝም ብያታለሁ።»

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ እናቴ ደወለችና «አባትሽን ምች መታቸው» አለችኝ። ስደርስ የፊታቸው ቀኝ ጎን ወርዷል። ዓይናቸው አልከደን ብሎ ያነባል፤ ውሃ ሲጠጡ በከንፈራቸው ጥግ ይፈስሳል። እናቴ ዳማ ከሴ አሽታ ታሸታቸው ነበር። የጠመጠሙትን ፎጣ ገለጥ ሳደርግ እብጠቷ ሎሚ አክላለች። ስነካት ጠጣር ናት፤ ከቦታዋም አትነቃነቅም።

«ይሄ ምች አይመስለኝም» አልኩ። እውቀት ኖሮኝ አይደለም። እብጠቱም፣ የወረደው ፊትም በአንድ ወገን መሆኑ ስላስፈራኝ ነው።

በማግስቱ ሦስታችንም ደሴ ሄደን ሆስፒታል ገባን። ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ናት።

«አባባ፣ እስቲ ቅንድብዎን ከፍ ያድርጉ። ጉንጭዎን ይንፉ። አሁን ያፏጩ።»

ማፏጨቱ አልሆን ሲላቸው አባቴ ሳቁ። ሳቁ በግራ በኩል ብቻ ነበር። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ በቀስታ አስረዳችን። «ምራቅ የሚያመነጩ እጢዎች አሉን። ትልቁ እዚህ ጆሮ አጠገብ ነው ያለው። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደግሞ በመሃሉ ያልፋል። እዚህ ቦታ የሚወጣ እብጠት ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ግን ቆይቶ ቆይቶ ድንገት ሲያድግና ፊትን ሲይዝ መጠርጠር አለብን።» ከዚያ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደች።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ። አባቴ ፎጣቸውን መልሰው ጠመጠሙ። «አላህ ያመጣውን አላህ ይመልሰዋል። ግን ማሳው ላይ ሽንኩርት አለ» አሉ።

«ሽንኩርቱን እኔ እነቅለዋለሁ፤ አንቱ ሂዱ» አለች እናቴ።

የተላክነው አዲስ አበባ፣ የአንገትና የፊት እጢ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራ ስፔሻሊስት ነው። አባቴ ገና እንደተቀመጡ «ለምን እዚያው ደሴ አላወጡልኝም?» ብለው ጠየቁት።

«ከቀጫጭን ክሮች መሃል እሾህ እንደ መንቀል ነው አባቴ። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ይፈልጋል» አላቸው። በሽታው የያዘውን የነርቩን ክፍል ማዳን እንደማይችልም አልደበቀንም። እሱን ቆርጦ ያወጣል፤ በምትኩ ከአንገታቸው ቀጭን ነርቭ ወስዶ ይቀጥላል። ፊታቸው እንደ ድሮው ባይሆንም ወራት ቆይቶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከዚያ የጨረር ሕክምና ይከተላል። አባቴ ሁሉንም አዳምጠው «ቢስሚላህ፣ ጀምር» አሉት።

ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ጨረሩ ነው ያከሳቸው። አፋቸው ደረቀ። እንጀራው «ጭድ ጭድ አለኝ» ይላሉ። የውሃ ኮዳ ከእጃቸው አይለይም፤ ምግቡን በመረቅ እያራስኩ አጎርሳቸዋለሁ። አፋቸውን በጨው ውሃ ይጉመጠመጣሉ። ሲተኙ ዓይናቸው እንዳይደርቅ ቅባት ቀብቼ በፕላስተር እከድንላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን «ወደ አገሬ መልሺኝ» ብለው ይቆጡ ነበር። እኔም ኮሪደር ወጥቼ አለቅስና ተመልሼ እገባለሁ።

ጨረሩ ሲያልቅ ገራዶ ተመለሱ። ወራት አለፉ፤ ፊታቸው ግን ያው ነው። ተስፋ መቁረጥ ጀምሬ ነበር። አንድ ጠዋት የጎረቤት ፍየል ካሮቱ ውስጥ ገባችና አባቴ ከደጅ ሆነው ይሰድቧት ጀመር። እናቴ ድንገት ጮኸች።

«ከንፈርዎ! ከንፈርዎ ተነቃነቀ!»

«ፍየሏን አስወጪ እንጂ የምን ከንፈር ነው!» አሉ፤ ግን እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደ። ደጋግመው ሞከሩት። የአፋቸው ጥግ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይ ሳብ ትላለች። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «አልሀምዱሊላህ» አለች። ፍየሏ ካሮቱን እየበላች ነው፤ የሚያያት የለም።

ዛሬም ሳቃቸው ጠማማ ነው፤ ምግብም ያለ ውሃ አይወርድላቸውም። ክትትላቸውን ግን አያጓድሉም። በሽታው እስካሁን ተመልሶ አልታየም፤ ሐኪሙም «ገና ለብዙ ጊዜ እንተያያለን» ብሏቸዋል።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤታችን ከመንጋጋዋ ሥር አብጦባት፣ በፍርሃት ቤት ዘግታ ተቀመጠች። አባቴ ራሳቸው ሄደው አስነሷትና ደሴ ወሰዷት። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ።

«ድንጋይ ነው አሏት! የምራቅ መውረጃዋን ድንጋይ ዘግቶት ነው። ካንሰር አይደለም!»

ከኋላቸው የሴትዮዋ ሳቅ ይሰማኛል። «አሁን ምሳ እየበላን ነው» አሉኝ፣ «በኋላ ደውይ።»