ቀጥ ያለውና ቆልማማው

ስብሰባ ድሮም አልወድም። ያን ጊዜ ከዓይን አፋርነቴ የተነሣ ነበር፤ አሁን ከንቀት ነው።

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በገደል የተከበበ ክብ ሐይቅ አለ። አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩታል እንጂ በቀላሉ አይወርዱበትም። ለጎብኚዎች የምናሳይ አሥራ አንድ አባላት ያሉን ማኅበር ነበረን። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ስላቋረጥኩ የተሰጠኝ ሥራ ግቢ መጥረግና ዕቃ መሸከም ነበር።

አንድ በጋ ወፍ የሚያጠና ሽማግሌ ፈረንጅ መጣና ሁለት ወር ተቀመጠ። ሁለት አቅርቦ ማሳያ መነጽሮች ነበሩት፤ በአንድ ዓይን የሚታይባቸው፣ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጡ። አንደኛው እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ዓይን የሚደረግበት ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ነው። ተሸክሜ የማወጣቸውም የምተክላቸውም እኔ ነበርኩ። የሽማግሌው ዓይን ደክሞ ስለነበር በተሰባበረ አማርኛ "አንቺ ፈልጊ፣ እኔ እጽፋለሁ" ይለኛል። እኔም ወፏን ፈልጌ አገኛለሁ። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

አፋፉ ላይ ደረቴ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። መነጽሩ ከካቡ በላይ መውጣት አለበት። ቀጥ ያለውን ወደ ውሃው ሳዘነብለው ኋላው ልክ ዓይኔ ላይ ይመጣል። ቆልማማው ሲያዘነብል ግን ዓይን የሚደረግበት ወደ ሰማይ ይዞራል፤ ከበላዩ ሆኖ የሚያይበት ረዥም ሰው ይፈልጋል። እኔ አጭር ነኝ።

ሽማግሌው ሊሄድ ሲል "አንዱን ለማኅበሩ እተዋለሁ፣ ምረጡ" አለ። ሊቀመንበራችንም በመነጽሩ የሚያሳይ አንድ ሰው በቋሚነት እንደሚመደብ ተናገረ። ቀጥ ያለው ከተመረጠ ሥራው የኔ ነው። ቆልማማው ከተመረጠ ወደ መጥረጊያዬ።

ስብሰባው አፋፉ ላይ መሆን ሲገባው ሊቀመንበሩ ጫማው አቧራ እንዳይነካው ብሎ ቡታጅራ፣ ቢሯችን ግቢ ውስጥ አደረገው። ከግቢው ሐይቅ አይታይም። የሚታየው የስልክ ማማ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መነጽሮች ወደ ማማው ጫፍ አዞሯቸው። ወደ ላይ!

ሊቀመንበሩ አስተማሪ የነበረ፣ ያለ ከረባት የማይወጣ ሰው ነው። ቀጥ ባለው ወደ ላይ ለማየት መንበርከክ ነበረበት። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና "የተከበራችሁ አባላት፣ ሰውን የሚያንበረክክ መሣሪያ አንመርጥም። የመንበርከክ ዘመን አልፏል!" አለ። ተጨበጨበለት። ከዚያ ቆልማማው ላይ ጎንበስ አለ።

"አቤት! የብሎኑን ጥርስ ሳይቀር አየሁት!"

"ይሄኛው አሪፍ ነው" አለ ጸሐፊው፣ ረዥሙ የከተማ ልጅ። "ያኛው ቧንቧ ነው፤ ውሃ ይቅዱበት።"

አንድ የመስቃን ገበሬ፣ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ፣ እጃቸውን አነሡ። "ወላሂ እኔ ላም ስገዛ ቆማ አይቼ አልገዛም፤ ስትሄድ ነው የማያት። ለምን እዚያው ሐይቁ ጋ ሄደን አናየውም?"

"ሐጂ፣ ይሄ ላም አይደለም፤ ቴክኖሎጂ ነው" አላቸው ሊቀመንበሩ።

ተሳቀ። እኔ የውሃ ጠርሙስ እያደልኩ ነበር።

"ጋሼ፣ ሐይቁ እኮ ታች ነው" አልኩ።

"ምን አለች?"

"ሐይቁ ታች ነው።"

ጸሐፊው ቀድሞ "ኧረ እናመሰግናለን! እኛ ዛፍ ላይ መስሎን ነበር!" አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ሳቁን ጨርሶ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ የአመለካከት ችግር ነው። ውሃውን አድይ" አለኝ። ለቆልማማው እጅ ሲወጣ የኔም እጅ ወጣ። ለእነሱ ካለኝ ንቀት ሲሶውን ለዚያ እጄ አስቀምጬለታለሁ።

ፈረንጁ ሽማግሌ ቀጥ ያለውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ወደኔ ዞረ። መሬት መሬቱን አየሁ።

እሑድ ከአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ መጣ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሊያሳይ ፈለገ። መነጽሩን አዘነበለና ከበላዩ ለመሆን ካቡ ላይ በሆዱ ተኛ፤ ከረባቱ ወደ ፊት ተንሸራቶ የመነጽሩን አፍ ሸፈነው።

"ምን ይታይዎታል?" አለች እናትየው።

"ጥቁር ነገር ይታያል። እሱ ሐይቁ ነው፤ ከጥልቀቱ የተነሣ ነው።"

እሱ ከረባቱን ሲያስተካክል እኔ ድንጋይ ደርድሬ ላዩ ላይ ወጣሁ። አንዲት ዳክዬ አገኘሁና ሴትዮዋን ደግፌ አሳየኋት። "ውይ! ጫጩቶቿን አስከትላ!" ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሊቀመንበሩ ዳክዬዋንም የሴትዮዋንም ደስታ አላየም፤ ያየው ድንጋዩን ነው። "ብትወድቂ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው። ውረጂ!" አለኝ።

በሳምንቱ ሥራው ለጸሐፊው ተሰጠ። ዳክዬን ከድንጋይ አይለይም፤ ቁመት ግን ነበረው።

ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይዞ መጣና "እዚህ ጋ ፈርሚ" አለኝ። ፈጥኜ ማንበብ አልችልም፤ ቀስ ብዬ ግን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። "በራሷ ፈቃድ ወደ ጽዳት ሥራ ተመልሳለች" ይላል።

"በፈቃዴ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ቁመቷ አጠረ ብለህ ጻፍ።"

"እንዲህ ያለ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም፣ እህቴ።"

"እንግዲያው አልፈርምም።"

ወረቀቱን መለስኩለት። በማግስቱ ለመጥረግም አልሄድኩም። እዚያ በፈቃዴ የተውኩት ሥራ እሱ ብቻ ነው።