ቅርጫቱስ?

ሹራብ ሻጯ እማማ የኢንተርኔት ሱቃቸው ወደ አዲሱ ድረ ገጽ ሲዛወር ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ብለው ባለሙያው አጠገብ ተቀምጠዋል። የለበሱት የራሳቸውን እጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ግን ከሌሎቹ አይገጥምም። በየደቂቃው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ።

«ዕቃው፣ ፎቶው፣ የደንበኛው ስም፣ ሁሉም ይሄዳል። አይዞዎት» አላቸው።

«ቅርጫቱስ?»

ባለሙያው መላ ቅጡ ጠፋው። ደንበኛ መርጦ ሳይገዛ የተወው ዕቃ የሚቀመጥበት ቅርጫት እንደማይዛወር ስንቴ አስረዳ፤ ውኃ ወቀጣ ሆነበት! ምኑ እንዲህ እንዳስጨነቃቸው ለማየት ዝርዝሩን ከፈተው። ጣታቸው ከሁሉም ያረጀው ላይ አረፈ፦ አንድ ግራጫ ሹራብ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተመረጠ።

«ይሄማ ረስቶት ነው እማማ፣ እናጥፋው።»

«አልረሳውም!» አሉ፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ፌስታል ጠበቅ አድርገው። ከአፉ ግራጫ እጅጌ ብቅ ብሏል። «ልኩን አውቀዋለሁ። ትከሻው እንደ አባቱ ሰፊ ነው።»

ባለሙያው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«ታዲያ ለምን አይልኩለትም?»

መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ።

«አድራሻውን ገና አልሞላም፣ ልጄ።»