የጠጅ ፈቃዱና የእቴቴ «በሞቴ»

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ... የመጠጥ ፈቃድ ተቆጣጣሪዋ ማዳም ናካቶ ፋይሏን ታቅፋ ካምፓላ፣ ሙየንጋ ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችን ገባች። ምግብ ቤቱ የአክስቴ የእቴቴ ዘነቡ ነው። እኔ ተላላኪ፣ አስተርጓሚ፣ ሲብስም ዕቃ አጣቢ ነኝ።

እቴቴ ጠጅ ስትጥል አንደኛ ናት። ካምፓላ ላይ ግን ያለ ፈቃድ ጠጅ መሸጥ አይቻልም። ሦስት ወር ሙሉ ሀበሻው እየመጣ «ጠጁስ?» ይላል፣ ገና ነው ስንለው ክትፎውን በለስላሳ ያወራርድና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቤት ይሄዳል። በዚያ ወር ፈቃዱ ካልመጣ ቤቱን ልትዘጋው ወስና ነበር።

ስለዚህ በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ስንከራተት ከረምኩ። የሰፈሩ ሊቀመንበር ደብዳቤ ከነማህተሙ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ቤት... ሁሉም ተሟላ። ማዳም ናካቶ አንድ በአንድ እያየች ራይት አደረገች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፣ እሱም መጠጥ ለምትቀዳው ለእቴቴ ነው።

«እንግዳው ‹በቃኝ› ሲል ምን ታደርጊያለሽ?»

ተረጎምኩላት። እቴቴ ከት ብላ ሳቀች።

«በቃኝን ማን ያምናል? የመጀመሪያው በቃኝ ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው ለምኚኝ ማለት ነው። በሞቴ፣ በልጆችህ ሞት ብዬ እቀዳለታለሁ እንጂ! ዝም ብዬ ብተወውማ ነገ ንፉግ ብሎ ስሜን ያጠፋዋል።»

ላብ አጠመቀኝ። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፦ «ታቆማለች።»

ማዳም ናካቶ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማማ ይሄን ሁሉ አውርታ አንቺ አንድ ቃል?»

«አማርኛ ረጅም ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ራሷ ታሳየኝ። እኔ እንግዳ ነኝ እንበል። ስታስተናግደኝ ልይ።»

ይሄንን በትክክል ተረጎምኩ። ከኋላውም «እቴቴ በናትሽ፣ በቃኝ ስትልሽ አቁሚ» ብዬ ለመንኳት። የሰማችው ግን «እንግዳ» የሚለውን ብቻ ነው። ጠጅ ገና ስላልተፈቀደ ማድ ቤት ገብታ ጥብስ ይዛ መጣች።

«አይ፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ...» ልትል ማዳም ናካቶ አፏን ስትከፍት ጉርሻው ገባ።

እንደምንም ዋጠችውና «ኔዳ ኛቦ፣ ኔዳ» አለች፣ በሉጋንዳ አይሆንም እመቤቴ ማለቷ ነው። እቴቴ ለገበያ የሚሆን ሉጋንዳ አላት፣ በደንብ ገብቷታል። ወደ እኔ ዞራ «አየሽ፣ ጨዋ ናት» አለችና ሁለተኛውን ጨመረች። ማዳም ናካቶ ሁለት እጇን አነሳች። «በሞቴ!» ሦስተኛው ገባ።

ጉንጯ ተወጥሮ፣ በቃሪያው ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ፎርሙ ላይ ትጽፍ ጀመር። ጻፈች፣ ገለበጠች፣ ጀርባውም ላይ ጻፈች። እቴቴ እስከ በር ሸኝታት ተመለሰችና «ወደደችኝ» አለችኝ። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መሀል ላይ ደግሞ ያቺ የተወጠረች ጉንጭ ትዝ ትለኝና ሳቄ ያመልጠኛል።

ባለፈው ሐሙስ... ፈቃዱ መጣ! እቴቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሮጦ መጣ። ከወረቀቱ ግርጌ ግን አንድ ግዴታ ሰፍሯል። እንግዳ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ካለ መቅዳት ይቆማል፣ ይህም በቤቱ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ተጽፎ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፣ ካልተከበረ ፈቃዱ ይነጠቃል። በትልልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እቴቴ ሦስቴ አነበበችው። ያንን ወረቀት እንዳትነጠቅ ፈርታለች። «ሕግ ሕግ ነው» አለች፣ ኮስተር ብላ።

ትናንት ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ጠጁ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ ሦስት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። ኦልድ ካምፓላ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ሦስት ወር ለስላሳ እየጠጡ ያልከዱን ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ብርሌ ጨልጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እቴቴ ጠጁን ይዛ ተመለሰች። ጋሽ ታደሰ እንደ ወጉ ብርሌውን በመዳፋቸው ከደኑት... ገፋ ሲያደርጉት እንዲነሳ ላላ አድርገው ነው ታዲያ።

«ኧረ በቃኝ ዘነቡ፣ በቃኝ።»

«እሺ ጋሽ ታደሰ» አለችና ጠጁን ይዛ ሄደች።

የጋሽ ታደሰ መዳፍ ብርሌው ላይ ቀረ። ጓደኞቻቸውም ተራ በተራ በቃኝ ብለው ስለነበር አራቱም ባዶ ብርሌ ይዘው ይተያያሉ። በኋላ ጋሽ ታደሰ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«ልጄ... ዘነቡ ተቀይማኛለች እንዴ?»

ግድግዳውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይሄ እኛን አይመለከትም።»

«ጋሼ፣ ለእናንተማ ነው የተጻፈው።»

አራቱ አንገታቸውን አቀርቅረው ተንሾካሾኩ። እቴቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ታያቸዋለች። ጠጁን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ መቅዳት አምሯት እግሯ መሬት አይረግጥም። ግን ከባንኮኒው ኋላ አልወጣችም።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ቲማቲም መስሎ...

«ዘነቡ» አሉ። «አልበቃኝም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እቴቴ እየሳቀች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ብርሌው እስኪፈስ ቀዳችላቸው። ወዲያው ከሁሉም ጠረጴዛ «እኔም አልበቃኝም!» የሚል ድምፅ መጣ።

ፈቃዱ የተሰጠው ለጠጁ ነበር... ጋሽ ታደሰ ግን ስልሳን ካለፉ በኋላ «አልበቃኝም» የማለት ፈቃድ አወጡበት።