ኳሱ ሳያርፍ የወጣ እልልታ

በ1995፣ ፈረንጆቹ ሰመር በሚሉት ወቅት ነው፤ ለእኛ ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም የገባበት። አሜሪካ ውስጥ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ ባለ አንድ የቴኒስ ክለብ ፎጣ አጣቢ ነበርኩ። ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር፣ ከዋይንላንድ ፓርክ፣ በአሮጌ መኪናዬ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ስለ ቴኒስ የማውቀው ተጫዋቾቹን ምን ያህል እንደሚያልባቸው ብቻ ነበር።

በዚያ ሳምንት ክለቡ ትንሽ የሴቶች ውድድር አዘጋጀ። እንዲህ ባለው ውድድር ተጫዋቾቹ ሆቴል አይገቡም፤ የክለቡ አባላት በየቤታቸው ያሳድሯቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ንጹሕ ፎጣ ይዤ መልበሻ ክፍል ስገባ አንዲት ረጅም ሴት ሁለት ትልልቅ ቦርሳ አጠገቧ አስቀምጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ከስዊድን ነው የመጣችው። ሊያሳድሯት የነበሩት ሰዎች ዘመድ መጣብን ብለው ቀርተውባታል።

"የት ልታድሪ ነው?" አልኳት።

"እዚሁ፣ ካላስወጣችሁኝ።"

"እኔ ቤት ታድሪያለሽ።"

የክለቡ ማናጀር በር ላይ ቆሞ ሰማን።

"ተጫዋች የሚያሳድሩት አባላት ናቸው፤ ሠራተኛ አያሳድርም" አለኝ።

"ሺፍቴ ሲያልቅ ሠራተኛ አይደለሁም" አልኩትና አንዱን ቦርሳ አነሳሁ። ከበደኝ፤ ግን እሱ እያየኝ ስለነበር አላስቀመጥኩትም።

ካርቱም ውስጥ ሕፃን ልጅ አዝዬ መንገድ ላይ ስቀር ስሜን ሳትጠይቅ በሯን የከፈተችልኝ ሴት ነበረች። እግዚአብሔር ይስጣት። ያንን ለማናጀር ማስረዳት አልነበረብኝም።

ያቺ ያዘልኳት ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እንግዳዋን ስታይ "ማም፣ ሺ ኢዝ አ ፕሮ!" ብላ ዐይኗ ፈጠጠ፤ ቴኒስ እንጀራዋ ነው ማለቷ ነው። አልጋዋን ለቀቀችላት። "እናቴን በስሟ አትጥሪያት፤ እትዬ በያት" ብላም አስተማረቻት።

ለእራት ምስርና ጎመን አቀረብኩ።

"ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላልም የለም። ጾም ነው" አልኳት።

"አሠልጣኜ ይሄን ቢያይ ኖሮ ጥሎኝ የሚሄደው ቀደም ብሎ ነበር" አለችና ሁለተኛ ጊዜ ጨመረች።

ቀስ በቀስ ነገረችን። በሰባት ዓመቷ፣ አንዲት ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ በኳስ እየደበደበች ጀመረች። የበረዶው ወራት ሲገባ እዚያ ሀገር ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይጨልማልና፣ አዳራሽ ውስጥ ተራ እየጠበቀች ትጫወት ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከቤት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ባቡርና አውሮፕላን ሆነ። በሃያ ሦስት ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ፣ በትልቁ ውድድር፣ ቀዩ የአፈር ሜዳ ላይ፣ ዓለም የሚያውቃትን ሴት አሸነፈች፤ የሀገሯ ጋዜጦች ፎቶዋን ፊት ገጽ ላይ አወጡት። ከዚያ ትከሻዋ ተጎዳ። ተቀደደና ተሰፋ፤ ዳነ ሲባል እንደገና ተቀደደ። በሀገሯ ይረዷት የነበሩት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። አሠልጣኟ ወደ ሌላ ልጅ እግር ሄደ። አሁን ሠላሳ ሞልቷታል። እናቷ ኮል ባደረገች ቁጥር የምትጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የምትመጪው?

"ሐሙስ የመጀመሪያ ጨዋታዬን ካሸነፍኩ ስሜ የተጫዋቾች ደረጃ ዝርዝር ላይ ይቆያል። ከተሸነፍኩ ይወጣል" አለች።

"ከወጣስ?"

"ሁሉም አበቃላት ይላል።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ጎመኑን በሹካ እየነካካች ቆየች። "እኔን ማንም አልጠየቀኝም።"

ረቡዕ ማታ ትከሻዋን አሳየችኝ። ጠባሳው ዚፕ ይመስላል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣሁ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጸበል።"

"ውስጡ ምን አለ? እኛ እኮ መድኃኒት ወስዳችኋል ተብለን እንመረመራለን።"

"ውኃ ነው። የተጸለየበት ውኃ።"

"ጸሎቱ ክልክል ከሆነስ?"

ልጄ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀች።

"ክልክል ከሆነ እኔን ይክሰሱኝ" አልኳት። ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ሰጠችኝ። በእመቤታችን ስም ቀባሁላት።

ሐሙስ ሥራዬን ስጨርስ ሽርጤን አወለቅሁ፤ ነጠላዬን ለበስኩና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ። ሠራተኛ እዚያ አይቀመጥም። ማናጀሩ አየኝ፣ አየሁት። አልተነሣሁም።

"ማም፣ ኳሱ እየተመታ ድምፅ አይወጣም። ዳኛው እስኪናገር ጠብቂ። ፕሮሚስ?"

"እሺ።"

እውነትም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። ተጋጣሚዋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አሜሪካዊት ነበረች። አንዱን ዙር የእኛዋ ወሰደች፣ አንዱን ልጅቷ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እህል ውኃ በአፌ አልዞረም። ስትመታ በእሷ ትከሻ እኔ የምመታ ይመስለኝ ነበር።

"ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራት። አንድ ብቻ" አለችኝ ልጄ በጆሮዬ።

ኳሱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ የእኛዋ ወደ ጥጉ አሻግራ መታችው። አለቀ አልኩ። አፌ ከእኔ ቀደመ። እልልታዬ ሜዳውን ሞላው።

አላለቀም ነበር። ልጅቷ ሮጣ ደርሳበት ኖሯል፤ ኳሱ ደክሞ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ የእኛዋም ከሥሩ ቆማ ራኬቷን አንሥታለች። ማውረድ ብቻ ነበር የቀራት። ልጅቷ ጨዋታው ይቁም ብላ እጇን አወጣች። ዳኛው ድምፅ ተሰምቷልና ነጥቡ እንደገና ይጫወት አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ማናጀሩ መጥቶ አጎነበሰ።

"ውጪ።"

"ጨዋታው አላለቀም" አልኩት።

"ውጪ አልኩሽ።"

"ሲያልቅ እወጣለሁ።" ያበላሸሁትን ጥዬ መሸሽ አልሆነልኝም። የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ተቀመጥኩ።

የተደገመውን ኳስ መረቡ ላይ መታችው። ቀጥሎ ያለውንም። ከዚያ እያመለጣት ሄደ፤ ተሸነፈች።

ስወጣ ማናጀሩ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ልጄ አነበበችልኝ። ውድድሩን ሆን ብዬ እንደረበሽኩ፣ ሁለተኛም ተመልካች መሐል እንደማልቀመጥ ይላል። ነገ ፈርሜ ካላመጣሁ ሥራ የለኝም።

በእኛ ዘንድ ትልቅ ጥፋት በአፍ ብቻ ይቅር በሉኝ አይባልም። ቤት ስንገባ እንግዳዋ እግር ሥር ተደፋሁ። ጫማዋን ያዝኩ።

"ውኃ አምጪ! ራሷን ሳተች! ጾሙ ነው የጣላት!" ብላ እንግዳዋ ጮኸች።

"ሺ ኢዝ ፋይን። ሺ ኢዝ ሶሪ" አለች ልጄ፤ ደህና ናት፣ ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው ለማለት።

ነገሩ ሲገባት እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ተነሺ ስላት አንቺ ተነሺ አለችኝ። ሁለታችንም እዚያው ቀረን።

"መረቡን የመታሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ያ ድምፅ ግን ምንድን ነው?"

"ደስታ ነው። ለሙሽራ፣ ለወለደች፣ ታቦት ሲወጣ።"

"ገና ሳላሸንፍ?"

"አዎ።"

"ፓሪስም ያጨበጨቡልኝ ካሸነፍኩ በኋላ ነው" አለች።

ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን መሸከፍ ጀመረች። ወደ ሀገሯ ልትሄድ መሰለኝ። ጎረቤት ግዛት ኢንዲያና ውስጥ ሌላ ውድድር አለ፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰውም ከታች ተሰልፎ፣ በማጣሪያው ማንም ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተጋጥሞ መግባት ይችላል አለችኝ።

"ትከሻሽስ?"

"ጸበሉ ተርፏል?"

ያን ሌሊት ስለ ወረቀቱ አልጸለይኩም፤ ስለ እሷ አመሰገንኩ። ሆን ብዬ አልረበሽኩም። ጥፋቴን የበደልኳት ሰው እግር ላይ ወድቄ ጨርሻለሁ። በሐሰት መፈረም ሌላ ኃጢአት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወደ ረጅም መንገድ አውቶቡስ ጣቢያ ሄድን። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጥታ እጇን ስታወዛውዝ ጣቢያው መሐል ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እልል አልኩላት።

"ማም! ፕሊስ!" አለች ልጄ።

ሦስት ጊዜ አልኩ። ከዚያ ዘግይቼ ክለቡ ደረስኩ፤ ወረቀቱን ሳልፈርም ማናጀሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ አባረርኩሽ እስኪለኝ ድረስ ብዬ የትናንቱን ፎጣ ማጠብ ጀመርኩ።