ነጭ ጓንት ያጠለቀችው አጣቢ

ሰፈሩ ወይዘሮ መቀስ ይላቸዋል። ስሙ ለሙያቸው ይሁን ለምላሳቸው የወጣው፣ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በቲያትር ቤት የልብስ ክፍል ሠርተዋል፤ ንጉሥም ሆኖ ለማኝም ሆኖ መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የለበሰው።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት የከተማው ሙዚየም ኃላፊ ቤታቸው ድረስ መጣ። ከመቶ ዓመት በፊት በገዢው ግቢ የኖሩ ሰዎችን የሚያሳይ አዳራሽ ሊከፈት ነበር።

«አንዲት ልብስ አጣቢ ይሥሩልን» አላቸው፤ «ከሽቦና ከጨርቅ፣ በዘመኑ አለባበስ።»

እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ነው ሁለት ሴት ልጆች ያሳደጉት። ስለዚህ ሰውዬው ሳይጨርስ እሺ አሉት። «ሽቦውንም ጨርቁንም ከራሴ አወጣለሁ። ብቻ እጁን የሚያስገባብኝ ሰው እንዳይኖር!»

የሳሎኑን ጠረጴዛ ግድግዳ አስጠግተው ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ወፍራሙን ሽቦ በፒንሳ እየጠመዘዙ አከርካሪውን አወጡ። ቀጥ ብሎ ሲቆም አዩትና «ይቺማ ልብስ አጥባ አታውቅም» ብለው ፈቱት፤ ከወገቡ አጉብጠው እንደገና ሠሩት። ደረትና ዳሌዋን በዶሮ ቤት ሽቦ ሞሉ፤ በላዩ አሮጌ አንሶላ ተልትለው ኮላ እየነከሩ ጠቀለሉበት። ለቀሚሱ የገዙትን ወፍራም ጥጥ እስኪነጣ ድረስ ደጋግመው አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። እጅጌውን ከክርን በላይ ሰበሰቡ፤ የፊቱን ጫፍ ውኃ እንዳይነካው ወገቧ ላይ ሸጎጡ።

እጇ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ቀረብ ብላ አየችና «እትዬ፣ ጣቶቿ አበጡ እኮ! በሽተኛ አስመሰልሻት» አለች።

«የእማዬን እጅ ረሳሽው?»

እህትየው የሽቦዋን ሴት እጅ ያዝ አድርጋ ቆየች።

የምርቃቱ ቀን ሁለቱም ዘንጠው ሄዱ። አዳራሹ በእንግዳ ጢም ብሏል። ወይዘሮ መቀስ አጣቢያቸውን ቢፈልጉ አጧት። ቀድማ ያየቻት እህታቸው ነች።

«እትዬ… ያቺ አይደለችም እንዴ?»

በሩ ፊት ለፊት፣ መደብ ላይ፣ ቀይ የከፋይ ካባ የለበሰች፣ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ የደፋች ሴት ቀጥ ብላ ቆማለች። ያበጡት ጣቶች ነጭ ጓንት ውስጥ ገብተዋል። ከእግሯ ሥር «የገዢው ባለቤት» ተብሎ ተጽፏል።

ኃላፊው እየሳቀ መጣ። «እንኳን ደስ አለዎት! ሰው ሁሉ ወደዳት።»

«የትኛዋን?»

«ምን መሰለዎት፣ የተጋበዙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አጣቢ ከምትቀበላቸው ብለን ትንሽ አሻሻልናት። ሥራው ያው የእርስዎ ነው።»

«ወገቧስ?»

«በብረት አቃናነው።»

«ልብሷስ?»

ኃላፊው አንገቱን አከከ። በር ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ግን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ወለል ሲወለውሉበት ደርሼ ነው የቀማኋቸው። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ» አለቻቸው።

ወይዘሮ መቀስ ደማቸው ፈላ። መደቡ ላይ ወጡና ጓንቱን መንጭቀው ጣሉት። ኃላፊው ወደ መደቡ ሮጠ።

«ኧረ እናቴ፣ ሰው እያየ ነው!»

«ይየኛ! እንድትታይ አይደል የሠራኋት?» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ይቺ ሴት የገዢውንም የሚስቱንም እድፍ ስታጥብ የኖረች ናት። በሕይወቷ ከጓሮ አላወጧትም። ሽቦ ሆና እንኳ በስሟ መቆም ተከለከለች?»

ጥበቃው ወደፊት ሊራመድ አለና ወደ በሩ ተመለሰ። ካባው ወረደ። ዕድሜዋን ሙሉ «ተይ፣ ሰው ይሰማል» ስትል የኖረችው እህታቸው ራሷ ባርኔጣውን አነሳች። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ ከች አለች። ሦስቱም ሆነው አለበሷት።

«ይውሰዷትና ይውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ሲሉት የነበሩትን ሰው «አንተ» አሉት። «ሳትለኝም እወስዳታለሁ። ሽቦው የኔ፣ ጨርቁ የኔ!»

እህትማማቾቹ አንዷ ከትከሻዋ፣ አንዷ ከእግሯ ይዘው በዋናው መንገድ ሲወስዷት አላፊ አግዳሚው ሕመምተኛ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። የመንገዱ ጥግ ያለው ላውንደሪ ባለቤት መስኮቱ ጋ ቦታ ሰጣት። እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ወዲያው የኛ አሏት፤ አንዷማ ጠዋት ስትገባ «እንዴት አደርሽ?» ሳትላት አታልፍም።

ከወር በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ሙዚየሙ ቅርጹን «በመጀመሪያው አለባበሷ» መልሶ ለማቆም ፈቃደኛ ነው ይላል። ስለ ይቅርታ አንድ ቃል የለበትም። ወይዘሮ መቀስ ሁለት ጊዜ አነበቡትና እዚያው ጀርባው ላይ ጻፉበት፦ «እሷ ሥራ ይዛለች። የገዢውን ሚስት ከፈለጋችሁ፣ ሚስትየውን የሚያውቅ ሰው ይሥራላችሁ።»

ዛሬም በዚያ ሕንፃ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«በቃ ተይው እትዬ፣ አለፈ እኮ» ትላቸዋለች እህታቸው።

«ለማን ነው ያለፈው?» ይሉና እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።